ብሩሽ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ አጎትህ ከአሜሪካ ሲመጣ የጢም ብሩሽ እንዲያመጣልህ ልትነግረው ነው አሉ፤ የቱን ብትለው እንደሚሻልም ጠይቀኸኛል። ዕድሜዬን ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ጉንጭ ላይ አረፋ ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ካልመከርኩህ በምን ልመክርህ ነው? ብቻ አንድ ስም ጠርቼ «ይሄን ግዛ» አልልህም። የብሩሽ ምርጫ የሚጀምረው ከራስህ ጉንጭ ነው። ጢምህ ምን ዓይነት ነው? ቆዳህ ምን ያህል ይችላል? በምን ሳሙና ነው የምትላጨው? ቤትህ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ይሄን አስቀድመህ ካላሰብክ የማይሆንህን በውድ ዋጋ ታስመጣለህ፤ አጎትህንም በከንቱ ታደክመዋለህ።

ብዙ ሰው ብሩሽ አረፋ መቀቢያ ብቻ ይመስለዋል። ለመቀባትማ እጅም ይቀባል። ብሩሽ ውሃውን በፀጉሮቹ መካከል ይዞ እስከ ጢሙ ሥር ያደርሰዋል፤ ጢም ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ምላጩም ሳይጎትት ይቆርጠዋል። ሳሙናውን ከውሃና ከአየር ጋር መትቶ አረፋውን ያወፍረዋል። የተኛውን ጢም ቀና ያደርገዋል፤ ሞቶ የተለጠፈውን ቆዳም ጠርጎ ያነሳል።

የእኛ ሰው ጢም አብዛኛው ጥቅልል ነው። ምላጭ በጣም አስጠግቶ ሲቆርጠው ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀርና ሲያድግ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። አንገትህ ላይ ብጉር እየመሰለ የሚያብጠው እሱ ነው። ብሩሽ ያድነዋል ብዬ አልዋሽህም። ጢሙን በደንብ አርሶ ያነሳልህና በባለ አንድ ስለት ምላጭ፣ ጢሙ በበቀለበት አቅጣጫ፣ ሳትጫን እንድትላጭ ያግዝሃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እብጠት ይቀንሳል። ያበጠ አንገት ላይ ግን ጠንካራ ብሩሽ እያሽከረከርክ ብትፈትግ ቁስል ትጨምራለህ። አንተ አንገትህ ቶሎ ይቆጣል፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጫፉ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ ነው የምንፈልገው። ይሄን ያዝልኝና ወደ ፀጉሩ እንሂድ።

ገበያ ላይ በብዛት ያለው አራት ዓይነት ነው፤ የአሳማ፣ የባጀር፣ የፈረስና ሰው ሠራሽ።

የአሳማው ርካሽና ጠንካራ ነው። ጣሊያኖችና ፖርቱጋሎች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ የቦሎኛው ኦሜጋ ከ1931 እ.ኤ.አ.፣ የፖርቱጋሉ ሴሞግ ደግሞ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠሩታል። አዲስ ሲሆን ይቧጭራል፤ አረፋም ይበላል፤ ሳሙናህን ጨርሶ ፊትህ ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ተስፋ ቆርጠህ አትጣለው። ሃያ ጊዜ ያህል ሲላጩበት የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ እየተሰነጠቀ ሁለትና ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ጫፉ ይለሰልስና ወገቡ እንደ ጠነከረ ይቀራል። የአሳማ ፀጉር ራሱ ውሃ ስለሚጠጣ ከመላጨትህ በፊት ፊትህን እስክትታጠብ ጫፉን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረህ መተው አለብህ። ደረቅ ሳሙና ለሚወድና ወፍራም ጢም ላለው ሰው ከዚህ የሚሻል በዚህ ዋጋ አይገኝም።

ነገር ግን አሳማ ነው። ሙስሊሙ ፊቴን አይንካኝ ይላል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን አሳማ ስለማይበላ የሚጸየፈው ብዙ ነው። ችግሩ እሽጉ ላይ ዓይን በሚገባ ቃል አለመጻፉ ነው። «ቦር» ወይም «ብሪስል» ይላል። «ፒዩር ብሪስል» የሚለውን አይቶ ንጹሕ የተፈጥሮ ፀጉር ገዛሁ ብሎ ደስ የሚለው ሰው አሳማ እንደገዛ አያውቅም። እኔ ፀጉር ቤቴ አላስገባሁትም። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ሲሰጥህ አምኖህ ነው፤ ምን እንደቀባኸው የመጠየቅ ልማድ የለውም። ለራስህ ብቻ ከሆነ ግን ሕሊናህ ያውቃል።

ባጀር የሚሉት ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የዱር እንስሳ ነው። ለብሩሽ የሚውለው ፀጉሩ በብዛት ከቻይና ይመጣል። ጫፉ ቀጭን፣ ወገቡ ወፈር ያለ ስለሆነ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ፊት ላይም ልስላሴው ሌላ ነው። የድሮ ጌቶች ብሩሽ ይሄ ነበር። በፈረንሳይ ፕሊሶን ከ1808 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝ ሲምፕሰን ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስማቸው የተያያዘው ከባጀር ጋር ነው። ደረጃው ከታች ወደ ላይ «ፒዩር»፣ «ቤስት»፣ «ሱፐር»፣ «ሲልቨርቲፕ» እየተባለ ይጠራል፤ የመጨረሻው ጫፉ ሽበት የመሰለው ነው። ታዲያ እነዚህ ስሞች እንደ ወርቅ ካራት የሚመዝናቸው ዳኛ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ሚዛን ነው የሚሰይመው። አንዱ ቤት «ሱፐር» ያለውን ሌላው «ሲልቨርቲፕ» ብሎ በእጥፍ ሊሸጥልህ ይችላል። ስሙን ትተህ ጫፉን እይ።

ማታለልም አለ። የአሳማ ፀጉር ወገቡ ላይ ጥቁር መስመር ቀብተው ባጀር የሚያስመስሉ ሞልተዋል። የባጀሩ መስመር የተፈጥሮ ስለሆነ ከፀጉር ፀጉር ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የቀለሙ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ደግሞ እንስሳው የሚያዝበትና የሚገደልበት መንገድ ጭካኔ አለበት እየተባለ ስለተወቀሰ ባጀር መሥራት የተዉ ፋብሪካዎች አሉ። እኔም ለወጣት ሰው ባጀር ግዛ ብዬ አልመክርም።

የፈረሱ ከጋማውና ከጭራው የሚቆረጥ ነው፤ ፈረሱ አይሞትበትም። ማሲንቆ የሚወጠርበት ያው ጭራ መሆኑ ነው። ጥንካሬው በአሳማውና በባጀሩ መካከል ይወድቃል። የፈረስ ፀጉር ብሩሽ ግን አንድ ከባድ ታሪክ አለው፤ አገራችን ውስጥ ከብት ባለበት ሁሉ የሚያውቁት በሽታ ስላለበት ደህና አድርገህ ስማኝ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ለብሩሽ የሚሆነው ፀጉር አውሮፓ ውስጥ ተለይቶና ከጀርም ጸድቶ ነበር ለሠሪዎች የሚሸጠው። ጦርነቱ ያን መንገድ ዘጋው። በደንብ ያልጸዳ የፈረስ ፀጉር ከእስያ በቀጥታ ይገባ ጀመር፤ ባጀር እንዲመስል ቀለም እየተቀባም ተሸጠ። ያኔ ደግሞ ብሩሽ በብዛት የተፈለገበት ጊዜ ነበር። የመርዝ ጋዝ መከላከያው ጭምብል ጢም ካለ ፊት ላይ በደንብ አይገጥምም፤ ወታደሩ ተላጭቶ እንዲውል ይፈለግ ነበር። ከዚያ በእንግሊዝና በአሜሪካ ወታደሮች፣ በሲቪሉም ላይ ጭምር፣ አገጭና አንገት ላይ መሐሉ ጥቁር የሆነ ቁስል ይወጣ ጀመር። አባ ሰንጋ ነበር። በብሩሽ የተያዘው ሰው ከመቶ በላይ ነው፤ የሞተም አለ። ምላጩ ትንሽ ጭረት ይከፍታል፣ ብሩሹ ውስጥ ያለው የበሽታው ዘር በዚያች ይገባል። እንግሊዝ በ1919 እ.ኤ.አ. አባ ሰንጋን ለመከላከል ሕግ አወጣች፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጃፓን የሚመጣ የጢም ብሩሽ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች።

ይሄን የምነግርህ ለማስፈራራት አይደለም፤ ዛሬ የታወቀ ፋብሪካ የሚሸጠው ፀጉር የጸዳ ነው። ነገር ግን የአባ ሰንጋ ዘር በአፈርም በፀጉርም ላይ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እንግዲህ ሁለት ነገር አታድርግ። አንደኛ፣ አጎትህ «የድሮ ዕቃ ነው፣ በርካሽ አገኘሁት» ብሎ የመቶ ዓመት አሮጌ ብሩሽ ቢያሳይህ፣ እጀታው የዝሆን ጥርስ ቢሆን እንኳ፣ ፀጉሩ ፊትህ አይድረስ። ሁለተኛ፣ እዚሁ አገር ከገበያ የፈረስ ጭራ ገዝተህ፣ በሙጫ አስረህ፣ በቤትህ ብሩሽ ልሥራ እንዳትል። እጁ ሥራ የሚወድ ወጣት ይሄን ሲሞክር አይቻለሁና ነው።

አራተኛው ሰው ሠራሹ ነው። በእኔ ጊዜ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ብትለኝ እስቅብህ ነበር። ናይለን ብሩሽ ላይ ለገበያ የዋለው በ1938 እ.ኤ.አ. በጥርስ ብሩሽ ነው፤ ወደ ጢም ብሩሽ ሲመጣም ባሕርዩ ያው ነበር፤ ደረቅ፣ ውሃ የማይዝ፣ ጉንጭ የሚገርፍ። አሁን ያለው ግን ሌላ ነው። የሴቶች መኳኳያ ብሩሽ የሚሠሩት ሰዎች ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ረቂቅ ክር መሥራት ከቻሉ ወዲህ የጢም ብሩሹም ተለወጠ። ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬ ላይ ቢያሽከረክሩልኝ ከባጀር መለየት የሚያቅተኝ አለ።

ለአንተ የምመርጥልህ ይሄን ነው። ለምን ብትል፣ መጀመሪያ ጫፉ ለስላሳ ስለሆነ አንገትህን አያስቆጣም። ሁለተኛ መንከር አያስፈልገውም፤ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንዴ ጠልቆ ይወጣል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ ለሚላጩ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛ ቶሎ ይደርቃል። ጅዳ ያለው የአክስትህ ልጅ፣ ያ ሁሉ የባሕር ወበቅ እያለ፣ የተፈጥሮ ፀጉር ብሩሽ ሻገተብኝ ብሎኝ ነበር፤ ለእሱም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አራተኛ የምን እንስሳ ነው የሚል ጥያቄ የለበትም። ጉድለት አለው፤ እንደ ስፕሪንግ ስለሚመለስ ካልተጠነቀቅክ አረፋውን መስታወቱ ላይ ይረጨዋል፤ ውሃም እንደ ባጀር አይዝም፣ ቶሎ ይለቃል። ከልክ በላይ አታርሰው፣ ያ ብቻ ነው።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ትልቅ ብሩሽ ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። የፀጉሩ እስር እጀታው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ወርዱ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአንድ ሰው ፊት ይበቃል። ከእጀታው በላይ ያለው የፀጉሩ ቁመት ደግሞ የወርዱን እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ማለት ወደ 50 ሚሊ ሜትር ግድም፣ ሚዛኑን ይጠብቃል። ከዚያ ሲረዝም ይልፈሰፈሳል፤ ሲያጥር ይገትርና ይወጋል። የጣሊያን ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙት ብሩሽ ቁመቱ ከ60 ሚሊ ሜትር የሚያልፈው ቆመው የተቀመጠ ሰው ፊት ስለሚቀቡ ነው፤ አንተ በመስታወት የራስህን ፊት ስትቀባ ያን ያህል ርዝመት አያስፈልግህም። የአፍንጫህን ሥር ለመቀባት ስትሞክር ትልቁ ብሩሽ አረፋውን አፍንጫህ ውስጥ ሲያስገባው ይገባሃል።

ሳሙናህም ይወስናል። ከቱቦ የሚወጣ ክሬም ከሆነ፣ እዚህ አገር በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነውና፣ ለስላሳው ብሩሽ ይበቃዋል። በሣጥን ያለ ደረቅ የጢም ሳሙና ከያዝክ ግን ሳሙናውን የሚፍቅ፣ ወገቡ ጠንከር ያለና የተጠቀጠቀ ብሩሽ ይሻላል። እጀታው ላይ ብዙ አልደክምህም። እርጥብ እጅ ላይ የማያንሸራትት፣ ወገቡ ገባ ያለ ይሁን። እንጨቱና ቀንዱ ያምራሉ፤ ውሃና ደረቅ አየር ሲፈራረቅባቸው ግን ይሰነጠቃሉ።

አጎትህ ሱቅ ሲደርስ በቪዲዮ ይደውልልህ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ በመጀመሪያ ፀጉሩን በሁለት አውራ ጣቱ ሰንጥቆ ሥሩን ያሳይህ። እስሩ መሐል ላይ ሙጫ ወደ ላይ ፈስሶ የደረቀበት፣ ወይም ፀጉሩ የሳሳበት ከሆነ ይመልሰው። ቀጥሎ ብሩሹን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ከጎን ይየው፤ እስሩ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ለዘላለም እንዳዘመመ ነው። ቀጥሎ ጫፉን በእጁ ጀርባ ላይ፣ በመዳፉ አይደለም፣ በቀስታ ይጫነውና ክብ እያደረገ ያዙረው። የእጅ ጀርባ ቆዳ ይሰማዋል፤ መዳፍ ግን የሠራተኛ ነው፣ ምንም አይነግርህም። እንደ መርፌ ከወጋ ጫፉ በመቀስ ተከርክሟል ማለት ነው። ጥሩ ብሩሽ ቅርጹ የሚወጣው ፀጉሩ አንድ በአንድ ተሰልፎ ከሥሩ ሲታሰር ነው፤ ጫፉ አይቆረጥም። ደካማው ግን ከታሰረ በኋላ እንደ አጥር ይከረከማል። በመጨረሻ ተጭኖ ሲለቀው መልሶ ቀጥ ይበል፤ ተኝቶ ከቀረ ወገብ የለውም።

ስሙና ፀጉሩ አልገጥም ካለህ ደግሞ ቤት ካመጣኸው በኋላ ከጠርዙ አንዲት ፀጉር ንቀልና ክብሪት አስነካት። የእንስሳ ከሆነች ጭሷ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመድ ሆና በጣትህ ትፈርሳለች። ሰው ሠራሽ ከሆነች ትቀልጥና ጫፏ ላይ ጠንካራ ጠብታ ትሆናለች። «ንጹሕ ባጀር» ተብሎ ተሸጦ የቀለጠ አይቻለሁ።

የመጀመሪያ ቀን የተፈጥሮ ፀጉር ከሆነ ይሸታል፤ እርጥብ በግ እንደሚሸተው። በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስቴ ስታጥበው ይለቀዋል። የፈላ ውሃ ግን አታስነካው፤ ፀጉሩንም ሙጫውንም ይጎዳል። ከዚያ ሳትላጭ መዳፍህ ላይ አረፋ መምታት ተለማመድ። የኦቾሎኒ ፍሬ የምታክል ክሬም መዳፍህ ላይ አድርግ። ብሩሹን አርሰህ አንዴ አራግፈው። ሳትጫን፣ በጫፉ ብቻ፣ ክብ እያደረግክ አዙር። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይወጣል፤ ያ ገና ነው፣ ፊት ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ጥቂት ጠብታ ውሃ እየጨመርክ ስትቀጥል አረፋዎቹ እየደቀቁ ይሄዱና ዓይን የማይለያቸው ይሆናሉ፤ ያበራል፣ ብሩሹን ስታነሳው ጫፉ ተቀልብሶ ይቆማል። ካላበራና ደረቅ ካለ ውሃ አነሰው፤ ከመዳፍህ ከፈሰሰ ውሃ በዛበት። ፊትህ ላይ መጀመሪያ በክብ፣ ከዚያ እንደ ቀለም ቀቢ ወደ ላይና ወደ ታች ጨርሰው። የፀጉሩን እስር ጨፍልቀህ ሥሩ ድረስ አትጫነው፤ ብሩሽ ቶሎ የሚረግፈው በዚህ ነው።

ስትጨርስ ሳሙናው ሥሩ ውስጥ እንዳይቀር ውሃው ጥርት እስኪል አጥበው፣ ጨመቅ አድርገው፣ አራግፈው፣ ፎጣ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርገው። ፀጉሩን አትጎትት። ከዚያ አየር ባለበት ቦታ ይቀመጥ። ተዘቅዝቆ ይሰቀል ወይስ ቆሞ ይድረቅ እያሉ የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ ሁለቱንም አድርጌ ልዩነት አላየሁም። የሚገድለው እርጥቡን ሣጥን ውስጥ መዝጋት ነው። የጉድጓድ ውሃ በምትጠቀምበት ሰፈር ከሆንክ ፀጉሩ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል፣ ብሩሹም ይደድራል፤ ጥቂት አቼቶ በብዙ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠህ ለአፍታ ንከረውና አጥበው።

መጀመሪያ ሰሞን ጥቂት ፀጉር ቢረግፍ አትደንግጥ፤ በሚታሰርበት ጊዜ ሙጫው ያልያዘው ነው። በእፍኝ የሚወጣ ከሆነ ግን ሙጫው ለቋል፣ ገና አጎትህ ሳይመለስ ስጠውና ይመልስልህ። ብሩሽህን ለማንም አታውስ። ኤች አይ ቪ ከመጣ ወዲህ ሰው ፀጉር ቤት ሲሄድ የራሱን ምላጭ ይዞ መሄድ ለምዷል፤ ብሩሹን ግን አብሮ አያስብም፤ ምላጩ ባወጣው ጭረት ላይ ሁለተኛ ዙር የሚያልፈው እኮ እሱ ነው። ታናሽ ወንድምህ «አንዴ ብቻ» ቢልህም የራሱን ይግዛ በለው። ለእሱ ወፍራም ጢምና ደረቅ ሳሙና ደግሞ የአንተ ዓይነት አይሆነውም፤ ወርዱ 26 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠቅጠቅ ያለ ይፈልጋል።